የራግቢ ሊግ ፎርዋርዶች፦ ማን ይጀምር፣ ማን ይጠብቅ?

ራግቢ ሊግ በአንድ ወገን 13 ተጫዋች የሚሰለፍበት ጨዋታ ነው። ከነዚህ 6ቱ ፎርዋርዶች ናቸው። የእግር ኳስ ሰው ጎል አግቢ እንዳይመስለው። እዚህ ፎርዋርድ ጉልበተኛው ነው። ኳስ ታቅፎ ተከላካይ ላይ ይገባል፣ ተይዞ መሬት ላይ ይጣላል፣ ተነስቶ እንደገና ይገባል። ኳሱ ወደ ተጋጣሚ ሲሄድ ደግሞ ኳስ የያዘውን ተጋጣሚ ይዞ መሬት የመጣሉን ሥራ አብዛኛውን የሚሠራው ራሱ ነው። ትራይ አስቆጥረው፣ ማለትም ኳሱን ከተጋጣሚ የግብ መስመር ማዶ መሬት አስነክተው፣ የሚጨፍሩት ብዙ ጊዜ ሌሎች ናቸው።

ድሬዳዋ የእግር ኳስ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1976 የአፍሪካ ዋንጫን ከአዲስ አበባ ጋር ተካፍላ አስተናግዳለች። ስለዚህ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የአውስትራሊያን ሊግ በስልኩ የከፈተ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ መገመት አያቅትም። «አቦ፣ ይሄ ሰውዬ እንዲህ እያፈራረሳቸው ለምንድነው ቤንች ያስቀመጡት?»

ጥያቄው ጥሩ ነው። በእግር ኳስ ተጠባባቂ መሆን ቅጣት ይመስላል። በራግቢ ሊግ አሰልጣኙ የሚያስበው ሌላ ነገር ነው። 6 ምርጥ ሰው መርጦ ሌላውን አያስቀምጥም። 80 ደቂቃውን ለ9 ያህል ፎርዋርድ ያከፋፍላል። ማን ይጀምር የሚለው የዚህ ክፍፍል አንድ ክፍል ብቻ ነው።

ጨዋታው የተወለደው ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ሃደርስፊልድ ላይ የተሰበሰቡ ክለቦች ከራግቢ ማኅበሩ ተገነጠሉ። ጠቡ የገንዘብ ነበር። ሠራተኛው ተጫዋች ለጨዋታ ብሎ ሲቀር የሚያጣው የቀን ደመወዝ ይካስ አይካስ የሚል ጠብ። በ1906 ተጫዋቾቹ ከ15 ወደ 13 ወረዱ። የዛሬውን ፎርዋርድ የፈጠረው፣ ተጫዋች ከተጣለ በኋላ ኳስ የማስጀመር ሥርዓትም በዚያው ዓመት መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኳስ የያዘው ሲጣል ጨዋታው ለአፍታ ይቆማል። ሰውየው ይነሳል፣ ኳሱን መሬት ያስነካል፣ በእግሩ ወደ ኋላ ይሰዳል። ከኋላው ያጎነበሰው ሁከር አፈፍ አድርጎ ለቀጣዩ ያቀብላል። በዚህ መሃል ተከላካዮቹ 10 ሜትር ወደ ኋላ መሸሽ አለባቸው። ወዲያው ደግሞ ወደ ፊት ወጥተው የሚመጣውን ይጥላሉ። አንድ ቡድን 6 ጊዜ እስኪጣል ኳሱን ይዞ ይቆያል። 110 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ሜትር ወደ ኋላ፣ ከዚያ ወደ ፊት፣ ከዚያ ግጭት፣ ከዚያ ከመሬት መነሳት። ይህን እየደጋገመ 80 ደቂቃ የሚዘልቅ ጥቂት ነው።

መፍትሔው ቅያሪ ነው። ለረጅም ጊዜ የተለመደው አሠራር 4 ተጠባባቂ ያለው የ17 ሰው ቡድን ነበር። ከእግር ኳስ የሚለየው፣ የወጣ ተጫዋች አርፎ ተመልሶ መግባት መቻሉ ነው። ግን ቅያሪው ተቆጥሮ ነው የሚሰጠው። የአውስትራሊያው ሊግ እ.ኤ.አ. በ2016 በአንድ ጨዋታ ከ10 ወደ 8 ቀነሰው፤ የእንግሊዙ ሱፐር ሊግ በ2019 ተከተለ። ከዚያ ወዲህ ግዙፍ ሆኖ ሳንባ የሌለው ተጫዋች ዋጋው ቀንሷል።

ወደ ምርጫው እንግባ። 8 እና 10 ቁጥር ፕሮፖች ናቸው፤ በቡድኑ በአብዛኛው ከባዶቹ። ብዙ ክርክር ያለው እነሱ ላይ ነው። የሚጀምረው ፕሮፕ የሚገጥመው ገና ላብ ያልነካውን ተከላካይ ነው። መንገዱ ዝግ ነው። ከእሱ የሚፈለገው ግጭቱን ችሎ ኳሱን ሳይጥል፣ ሁለት ሦስት ሜትርም ቢሆን ወደ ፊት መግፋት ነው። 20 ወይም 25 ደቂቃ ሲሞላ ይወጣል። ያኔ የሚገባው የተዳከሙ እግሮች ያገኛል። ፈጣንና ተጣጣፊ ፕሮፕ ሊበልጥ የሚችለው እዚህ ሰዓት ላይ ነው። ያ ከዚራ ላይ የታየው አፈራራሽ ሰውዬ ቤንች የተቀመጠው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ከመጀመሪያ ቢገባ ያንኑ ላያፈራርስ ይችላል።

ከዚህ ስሌት የሚያመልጡም አሉ። የብሪዝቤን ብሮንኮሱ ፔይን ሃስ ፕሮፕ ሆኖ ከ60 ደቂቃ በላይ መጫወት ይለምዳል። እንዲህ ያለ ሰው ያለው አሰልጣኝ ቅያሪ ይተርፈዋል።

የመጀመሪያው ግጭት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማየት የእ.ኤ.አ. 2014ን የአውስትራሊያ ሊግ ፍጻሜ ማየት ነው። የሳውዝ ሲድኒው ሳም በርጀስ በጨዋታው የመጀመሪያ ሩጫ ከተጋጣሚው ፕሮፕ ከጄምስ ግራሃም ጋር ተላትሞ የፊት አጥንቱ ተሰበረ። ጨዋታውን ግን ቀጠለ። ክለቡ ካንተርበሪን 30 ለ 6 አሸንፎ ከ1971 በኋላ የመጀመሪያውን ዋንጫ ሲያነሳ፣ የጨዋታው ኮከብ የተባለው እሱ ነበር።

9 ቁጥሩ ሁከር ነው። ጭንቅላት ያለው ሰው ይፈልጋል። ኳሱ ከእያንዳንዱ መጣል በኋላ የሚያልፈው በእሱ እጅ ነው። ሲከላከል ደግሞ መሃል ስለሚቆም በአንድ ጨዋታ 40 ጊዜ ሰው ቢጥል ብርቅ አይደለም። የሜልቦርን ስቶርሙ ካሜሮን ስሚዝ 430 የሊግ ጨዋታ አድርጓል። ሁከሩ 80 ደቂቃ ከቻለ ቤንች ላይ አንድ ቦታ ይከፈታል፤ ቦታው ለተጨማሪ ፕሮፕ ይሆናል። ካልቻለ ብዙ አሰልጣኞች ታጋዩን ያስጀምሩና ሯጩን በኋላ ያስገባሉ። በእኔ ግምት አሰልጣኝ ከሁሉ በፊት መወሰን ያለበት ይህን ነው። የፕሮፖቹ ደቂቃ ከዚህ ይከተላል።

11 እና 12 ቁጥሮች ዳር ዳር የሚጫወቱት ሰከንድ ሮዎች ናቸው። እነዚህ ብዙም አይቀያየሩም። ከጎናቸው ካለው ተጫዋች ጋር መተዋወቃቸው ከጉልበት ይበልጣል፤ አዲስ ሰው ሲገባ በሁለቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል።

13 ቁጥሩ ሎክ ነው። ድሮ ሦስተኛ ፕሮፕ የሚያደርጉት ነበሩ። አሁን ብዙ ቡድን ኳስ የሚያከፋፍል ሎክ ይመርጣል። ለዚህ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2024 በተከታታይ 4 ዋንጫ የወሰደው የፔንሪዝ ፓንተርስ አይዛያ ዮ ነው።

የአየሩ ጠባይም ከስሌቱ አይጎድልም። የአውስትራሊያው ሊግ በሞቃታማው ታውንስቪልም በብርዳሙ ካንቤራም ይጫወታል። ለኛ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በቀትር ፀሐይ ዝም ብሎ መቀመጥም ያልባል። ደንገጎን ወጥቶ ሐረር ሲገቡ ከፍታው ወደ 1,900 ይጠጋል፤ አየሩም ይቀዘቅዛል። ድሬ ላይ ቡድን ባሰልፍ ሁለቱን ከባድ ፕሮፖች አንድ ላይ አላስጀምርም። አንዱ ይጀምራል፣ አንዱ ጥላ ውስጥ ይጠብቃል። የመጀመሪያውን ቅያሪም 15ኛው ደቂቃ ላይ አወጣለሁ። ሐረር ላይ ሁለቱንም አብሬ አስገባለሁ። ከባሕር ጠረፍ የመጣ ተጋጣሚ ከሆነ ደግሞ ከፍታው እስኪያደክመው እጠብቃለሁ።

ስሌት ሁሉ ግን በአንድ ምት ሊፈርስ ይችላል። ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ለ15 ደቂቃ ምርመራ ይወጣል፤ ካላለፈ አይመለስም። ሁለት ፕሮፕ እንዲህ ከወጡ ቀሪዎቹ ያለ እረፍት ይጫወታሉ። ለዚህ ነው ቤንች ላይ መሃልም ዳርም የሚችል ሁለገብ ሰው የሚፈለገው።

አውስትራሊያ ውስጥ የቡድኖቹ ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞ ይወጣል። ያንን ማመን ግን ሞኝነት ነው። በ10 ቁጥር የተመዘገበው ቤንች ሄዶ 16 ቁጥሩ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ይታያል። አሰልጣኞች ማንን ቀድመው እንደሚያስገቡ ተጋጣሚ እንዲያውቅ አይፈልጉም። በሱፐር ሊግ ቁጥሩ ለዓመቱ ሙሉ የተሰጠ ስለሆነ ቦታን አያመለክትም። እርግጡ የሚታወቀው ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ነው።