«ኢንዛይሙ ሞተ» አትበሉኝ፦ ስለ ብቅል አሚሌዝ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ በየዓመቱ ይህችኑ ዓረፍተ ነገር አርማለሁ፦ «ሲሞቅ ኢንዛይሙ ይሞታል።» ቀይ እስክሪብቶዬ የሚያልቀው በእሷ ነው።

አይሞትም። ድሮስ መቼ ነፍስ ኖሮት! ነፍስ ያለው እርሾው ነው። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፤ ተጣጥፎ የተቀመጠ የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት።

የብቅሉን አልፋ አሚሌዝ እንይ። የገብሱን ስታርች ከሌሎች ኢንዛይሞች ጋር ቆራርጦ ስኳር የሚያወጣው እሱ ነው። ጌሾ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ጌሾ ምሬቱን ነው የሚሰጠው። የአሚሌዙ ዋና ዶሜይን፣ ማለትም ለብቻው የተጣጠፈው ትልቁ ክፍሉ፣ በርሜል ይመስላል። ስምንት ክሮች ከውስጥ ክብ ሠርተው ይቆማሉ፣ ስምንት ጥምዝምዞች ከውጭ ይከቧቸዋል። በበርሜሉ አፍ ላይ ሦስት አሚኖ አሲዶች አሉ፤ መቁረጫው እነሱ ናቸው። በሰው ምራቅ አሚሌዝ ውስጥ ተራ ቁጥራቸው 197፣ 233 እና 300 ነው። ሰንሰለቱ ቢዘረጋ የተራራቁ ናቸው። ፊት ለፊት የሚያገናኛቸው እጥፋቱ ነው። ሙቀት የሚያፈርሰውም እሱኑ ነው። ሦስቱም አሉ፣ ግን ተበታትነዋል። በቃ፣ መቁረጥ ቀረ።

ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ እትዬ «ብቅሌ ምን ሆነብኝ?» ብለው ጠሩኝ። ዝናቡ ፀሐይ ቢከለክላቸው፣ የበቀለውን ገብስ እርጥቡን ምጣድ ላይ አምሰውታል። ጠላው ውሃ ውሃ ይላል።

«እትዬ፣ አብስለውት እኮ ነው!» አልኳቸው።

«ታዲያ ይሄን ቀደም ብለህ አትነግረኝም?» ብለው ተቆጡኝ።

እርጥብ ሆኖ የሞቀ ፕሮቲን ቶሎ ይፈርሳል። የደረቀ ብቅል ግን ሙቀትን የተሻለ ይችላል። ስለዚህ ፀሐይ ስትጠፋ ብቅላችሁን ነፋስ በሚገባበት ቤት ሳሳ አድርጋችሁ አስጡት። ቶሎ ቶሎ አገላብጡት። ምጣዱን ለእንጀራ ተዉለት።

«አሚሌዝ በዝግመተ ለውጥ ከገብስ እስከ ሰው ሳይለወጥ ተጠብቆ የቆየ ከሆነ፣ የገብሱና የሰው አንድ ዓይነት ነው» የሚሉም አሉ። የተጠበቀው በርሜሉና ሦስቱ መቁረጫዎች ናቸው። ከዚያ ውጭ ብዙው ተለዋውጧል። ሁለቱም ካልሲየም ይይዛሉ፤ ክሎራይድ የሚፈልገው ግን የሰው ነው፣ የገብሱ አይፈልግም።

«ሥራውን ሲጨርስ ያልቃል» ለሚሉት፦ አያልቅም። አንዱን ቆርጦ ወደ ሌላው ያልፋል።

ይህን ሁሉ ለፍልፌ፣ ባለፈው ፈተና አንዱ ተማሪዬ «ኢንዛይሙ አረፈ» ብሎ ጻፈልኝ። ግማሽ ነጥብ ሰጠሁት፤ ቢያንስ ቃሏን ቀይሯታል።