የመስኮት መልክ መቀየር በደሴና በኮምቦልቻ ኮምፒውተሮች

ኮምፒውተር ማሳመር ሲባል ብዙ ሰው ባክግራውንድ ላይ ይቆማል። የጦሳ ተራራ፣ የሐይቅ ፎቶ፣ የልጅ ፎቶ ይደረግና ያበቃል። የመስኮቱ መልክ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፕሮግራም ሲከፈት ከላይ ታይትል ባር ይመጣል፣ ዙሪያውን ጠርዝ አለ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ማሳነሻው፣ ማስፊያውና መዝጊያው ኤክስ ይደረደራሉ። የነዚህን ቀለም፣ ውፍረትና ፊደል መቀየር ይቻላል።

ምን ያህል ይቻላል የሚለው እንደ ዊንዶውሱ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 የወጣው ኤክስፒ ሰማያዊ፣ የወይራ አረንጓዴና ብርማ ቀለም ነበረው። ቪስታና በ2009 የመጣው ዊንዶውስ 7 መስታወት የሚመስል ጠርዝ ይዘው መጡ። በዚያ ዘመን የታይትል ባሩን ቁመትና ፊደል አንድ በአንድ መምረጥ ይቻል ነበር። በ2012 ዊንዶውስ 8 መስታወቱንም ያንን ምርጫም አነሳ። ዛሬ የቀረው ፐርሰናላይዜሽን በተባለው የማሳመሪያ ገጽ ውስጥ ቀለም መርጦ ታይትል ባሩ ላይ እንዲታይ ማዘዝ ነው።

እሱም ቢሆን አክቲቬት ላልተደረገ፣ ማለትም ፈቃዱ ላልተረጋገጠ ዊንዶውስ 10 እና 11 ዝግ ነው። ገጹ ይከፈታል፣ ምርጫው ግን ደብዝዞ አይነካም። ፎቶ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ ባክግራውንድ ማድረግ ግን አይከለከልም።

ደሴ ፒያሳ ላይ ለሚተይብ ሰው ከቀለም ይልቅ ፊደሉ ይበልጣል። ኤክስፒ የግዕዝ ፊደል ይዞ ስለማይመጣ በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ታይትል ባሩ ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታይ ነበር። ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ሲመጣ ሳጥኑ ቀረ። ግን ኒያላ ከእንግሊዝኛው ጎን ሲቀመጥ ያንሳል። «ቁ» እና «ቂ»ን ለመለየት ስክሪኑ ላይ ማፍጠጥ ግድ ይላል። በኋላ ኤብሪማ የተባለው ፎንት ነገሩን አሻሽሎታል። አሁንም የሚያስቸግር ከሆነ ዊንዶውስ 10 እና 11 ጽሑፉን ብቻ ነጥለው እስከ 225 በመቶ ያሳድጋሉ። እኔን ከጠየቃችሁ ከቀለሙ ሁሉ በፊት የሚነካው ይሄ ነው።

አንዳንዴ ስክሪኑ በድንገት ጠቁሮ ፊደሉ ሁሉ ሌላ ቀለም ይሆናል። «ቫይረስ ገባብኝ» ተብሎ ኮምፒውተሩ ወደ ጠጋኝ ይወሰዳል። የግራ አልት፣ የግራ ሺፍትና ፕሪንት ስክሪን አብረው ተጫኑና የመጣው ጥያቄ ሳይነበብ እሺ ተባለ ማለት ነው፤ ያው ቁልፍ ይመልሰዋል።

ከውጭ የሚጫን ቴም፣ ማለትም የተዘጋጀ የመልክ ጥቅልም አለ። ዊንዶውስ የማይክሮሶፍት ፊርማ የሌለውን ቴም ስለማይቀበል የሲስተም ፋይል መቀየር ያስፈልጋል። አፕዴት ሲመጣ ደግሞ ይበላሻል። ከሰው ፍላሽ የተቀዳ ከሆነ ቫይረሱ በነጻ ነው፤ የደንበኛ ሰነድ ባለበት ማሽን ላይ ባይሞከር ይሻላል።

ነጻነት የሚፈልግ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ሊኑክስ የተባለ ሲስተም አለለት። ኮምቦልቻ ባለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኮምፒውተር የሚማር ሰው መቼም ሳይነካው አይቀርም። ኬዲኢ በተባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ ላይ መዝጊያው ወደ ግራ ይዞራል፣ ጠርዙም እስከነአካቴው ይጠፋል። ለአሮጌ ማሽን ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ሌላው ዴስክቶፕ ይቀላል።

ቅንብሩ የሚቀመጠው በየአካውንቱ ነው። አንድ ኮምፒውተር ለሦስት የሚጠቀሙ ሰዎች የየራሳቸውን አካውንት ከከፈቱ በቀለም አይጣሉም። ፎርማት ከማስደረግ በፊት ደግሞ ቴሙን በፋይል መልክ ሴቭ አድርጎ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል።