ሪንክልድ 1 ምንድን ነው?

ቴምርና የፓልም ዘይት የሚሰጠው ዛፍ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ፍሬያቸው ግን ጭራሽ አይገናኝም። ቴምር ሥጋው ውስጥ ስኳር ያከማቻል። የፓልሙ ፍሬ ሲበስል ግን ከሥጋው ደረቅ ክብደት እስከ 90 በመቶ የሚደርሰው ዘይት ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የሁለቱን ፍሬ ጂኖች ጎን ለጎን ሲያዩ፣ በፓልሙ ውስጥ ከቴምሩ በብዙ እጥፍ ተግቶ የሚሠራ አንድ ጂን ጎልቶ ወጣ። ከዚህ ጂን የሚገኘው ፕሮቲን ነው ሪንክልድ 1 የሚባለው።

ይህ ፕሮቲን ራሱ ዘይት አይሠራም፤ ያሠራል። ዲኤንኤ ላይ ይቀመጥና ስኳር የሚሰባብሩትን፣ ከስብርባሪውም የዘይት መሥሪያ የሆነውን ፋቲ አሲድ የሚገነቡትን ኢንዛይሞች ጂኖች ይቀሰቅሳል። ብዙ ጂኖችን ባንዴ ስለሚያዝ መጉደሉ ወዲያው ያስታውቃል። አራቢዶፕሲስ በምትባለው የቤተ ሙከራ ተክል ውስጥ ጂኑ ሲበላሽ፣ የዘሯ ዘይት 80 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ዘሩም ይጨማደዳል፤ በእንግሊዝኛ «የተጨማደደ» የሚለው ስሙ የመጣው ከዚሁ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን እሱን ራሱን የሚቆጣጠረው ነው። ዘይት ብዙ ካርቦንና ጉልበት ይበላል፤ በችግር ጊዜ የሚሠራ ነገር አይደለም። ሴሉ ስኳር ሲያጥረው ኪን 10 የሚባል ሌላ ፕሮቲን ሪንክልድ 1 ላይ ፎስፌት ይለጥፍበታል። እንዲህ ምልክት የተደረገበት ፕሮቲን ቶሎ ይፈርሳል፣ የዘይቱ ምርትም ይቀዛቀዛል። ስኳር ሲትረፈረፍ ደግሞ ትሬሃሎዝ 6 ፎስፌት የተባለ ሞለኪውል ይበዛና ኪን 10ን አደብ ያስገዛዋል።

ሌላም ልጓም አለ። የፋቲ አሲድን ሥራ የሚያስጀምረው ኢንዛይም፣ አሴቲል ኮኤ ካርቦክሲሌዝ፣ ከበርካታ ክፍሎች የተገጣጠመ ነው። ባድሲ የሚባሉ ፕሮቲኖች ከክፍሎቹ አንዱን ይመስላሉ። ቦታውን ይይዛሉ፣ ሥራውን ግን አይሠሩም። በዚህ መሥሪያ ቤት ቦታ ይዞ አለመሥራትም ሥራ ነው።

ታዲያ ሪንክልድ 1ን ቅጠል ውስጥ ብናበዛውስ? ዘይቱ ይጨምራል፤ ለብቻው ግን ብዙም አያራምድም። የተሠሩትን ፋቲ አሲዶች ገጣጥሞ ዘይት የሚያደርግ ኢንዛይም፣ ዲጋት 1፣ ያስፈልጋል። የዘይቱን ጠብታ ሸፍኖ ከመፍረስ የሚጠብቀው ኦሊዮሲንም እንዲሁ። ሦስቱ አንድ ላይ ትምባሆ ውስጥ ሲገቡ፣ ወትሮ እዚህ ግባ የማይባል ዘይት የነበረው ቅጠል ከደረቅ ክብደቱ ከ15 በመቶ በላይ ዘይት ያዘ።