«ቤቱ የኔ ነው» እና ሌሎች የኪራይ ቤት ተረቶች

የጥብቅና ቢሮዬ ልደታ ነው፤ ከፍርድ ቤቱ ብዙም አይርቅም። አከራይና ተከራይ ተጣልተው ሲመጡ ሁለቱም ሕግ እየጠቀሱ ነው የሚገቡት። ሕጉን የነገራቸው ደላላ ነው። ደላላው ደግሞ ኮሚሽኑን ከተቀበለ ወዲህ ስልክ አያነሳም። የሚጠቅሱት ነገር ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ አይለወጥም፤ እኔ ግን መስማት ሰልችቶኛል። ስለዚህ ልጻፈውና ልገላገል።

«ለተከራይ ሕግ የወጣው አሁን ነው፤ በፊት አልነበረም።»

ነበረ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ኪራይ በሰፊው ይናገራል። አንቀጽ 2896ን ያየ ሰው አከራይ ቁልፍ ሰጥቶ ብር በመቀበል ብቻ እንደማይገላገል ይረዳል። ተከራዩ ቤቱን እንዲገለገልበት የማድረግ ግዴታ አለበት። በሰላም መኖር የሚባለው ነገር መነሻው እዚህ ነው።

የተረሳውም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ፣ የግል አከራይ የሚባል ሰው ከሕጉ ጠፋ። አከራዮቹ ቀበሌና ኪራይ ቤቶች የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሆኑ። የግል ኪራይ ሲመለስ ሁሉም የሚያውቀው ልማዱን ነበር።

«አዲሱ አዋጅ ስለ ዋጋ ብቻ ነው።»

አይደለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። የሁለት ዓመቱ ነገር ከዋጋው እኩል ትልቅ ነው። ነገ ውጣ እባላለሁ ብሎ የሚፈራ ተከራይ ጣሪያው ቢያፈስም ዝም ይላል።

«ቤቱ የኔ ነው፤ በፈለግኩ ሰዓት እገባለሁ።»

አንጀቴን የሚያሳርረው ይሄ ነው። የተማረውም ያልተማረውም፣ ባለ ሰርቪስ ቤቱም ባለ አፓርታማውም እኩል ይለዋል።

ቤቱ ያንተ መሆኑን ማንም አልካደም። ካርታው በስምህ ነው። ግን አከራይተኸዋል። ውሉ እስካለ ድረስ በሩ ውስጥ ያለው ኑሮ የተከራዩ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 604 ያለ ነዋሪው ፈቃድ መኖሪያ ቤት መግባትን ያስቀጣል። የሚጠብቀው በሕጋዊ መንገድ የሚኖርበትን ሰው ነው፤ ባለካርታ መሆን ማለፊያ ወረቀት አይደለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት ያስከብራል፤ ለቤት ባለቤት ብቻ ብሎ አልጻፈም።

አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። አራት ኪሎ ጀርባ የምትኖር ነርስ ነች። የሌሊት ተረኛ ስለሆነች ቀን ትተኛለች። አከራይዋ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ትርፍ ቁልፍ አላቸው። ምጣድ ሰክታ እንደሆነ ለማየት ይገባሉ። ውሃ ከፍታ ሄዳ እንደሆነ ለማየት ይገባሉ። አንድ ቀን ተኝታ ሳለ እህታቸውን ይዘው ገብተው ክፍሉን አስጎበኙ። ልጅቷ «እትዬ» እያለች ስለምትጠራቸው መናገር አፈረች። በሩ ላይ ከውስጥ መቀርቀሪያ ስታስገጥም ነው ጠቡ የፈነዳው።

ቢሮዬ ሲመጡ ሴትዮዋ ከልባቸው ተገርመው ነበር። «ልጄ፣ የራሴን ቤት ልሰርቅ ነው እንዴ? እኔ እኮ እንደ ልጄ ነው የማያት!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ክፋት የለባቸውም። «እትዬ፣ ለሁለት ዓመት አከራይተውታል እኮ» አልኳቸው። ስለ ወንጀል ሕጉ ስነግራቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ዝም አሉ። ትርፍ ቁልፉን ለልጅቷ መለሱ፤ ለመግባት ሲፈልጉ ከአንድ ቀን በፊት ሊደውሉ ተስማሙ። በሁለት መስመር ጽፈን አስፈረምን።

እሳት ቢነሳ፣ ቧንቧ ቢፈነዳ ማን ፈቃድ ይጠይቃል? ግባ። ለጥገናም ቢሆን ተከራይ በሩን ዘግቶ መቀመጥ አይችልም። ደውለህ፣ ተነጋግረህ፣ በሰው ሰዓት ግባ ነው የምለው።

ሕጉ ይሻሻል ከተባለ የእኔ ጥያቄ እዚህ ጋ ነው። ሁለት ወር ቅድመ ክፍያ የሚለው በቁጥር ስለተጻፈ ማንም ይጠቅሰዋል። በሰላም የመኖር መብት ግን በጥቅል ስለተጻፈ ችሎት ስንቀርብ ከዜሮ ነው የምንከራከረው። አከራይ ከመግባቱ ከ24 ሰዓት በፊት ያሳውቅ ይባል። ለምን ለምን ምክንያት መግባት እንደሚችል ይዘርዘር። ትርፍ ቁልፍ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ ይጻፍ። ውሃና መብራት ሆን ብሎ ላቋረጠ ሰው ቅጣቱ በብር ይቀመጥ፤ የተቋረጠበት ቀን ከኪራዩ ይቀነስ። አምስት አንቀጽ እንኳ አይሞላም። እስከዚያው ግን ውል ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ነገሮች ራሳችሁ አስገቡ።

«መብራት ባጠፋበት ራሱ ይወጣል።»

ይወጣ ይሆናል፤ ካሳ ይዞ ነው የሚመለሰው። ቆጣሪው በስምህ መሆኑ፣ ሮቶው ጣሪያህ ላይ መቀመጡ ተከራይን ለማስወጣት መሣሪያ አያደርገውም። ማስወጣት የፈለገ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ እምቢ ካለ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ተከራዮች፣ ሲቋረጥባችሁ ቀኑን ጻፉ፣ በስልክ ቅረጹ፣ ጎረቤት ይይ። ቴሌግራም ላይ «ነግሬሃለሁ መብራቱን» ብሎ የጻፈ አከራይ አጋጥሞኛል። ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አላየሁም።

«ካወከኝ ኪራይ አልከፍልም።»

ይሄ ደግሞ የተከራዮች ተረት ነው። አታድርጉት። ኪራይ ያቆማችሁ ቀን ጥፋተኛው ይቀየራል፤ አከራዩ ውል የሚያፈርስበት ምክንያት አገኘ ማለት ነው። በባንክ ክፈሉ፣ ደረሰኙን ያዙ፣ ከዚያ ክሰሱ።

«በር በሦስት ሰዓት ይዘጋል፤ እንግዳ አይገባም።»

ውሉ ላይ ካለ ፈርማችኋል። ከገባችሁ በኋላ የተለጠፈ ወረቀት ግን ውል አይደለም።

«ቤቱ ተሸጧል፤ ነገ ልቀቁ።»

«ነገ» የሚል የማስጠንቀቂያ ጊዜ አዋጁ ውስጥ የለም።

«ዘመድ ነን፤ ውል አያስፈልግም።»

ያስፈልጋል። ለዘመድማ የበለጠ።

«ከታች ያለው መጠጥ ቤት የሚረብሸኝ በአከራዬ ጥፋት ነው።»

ቤቱን ለመጠጥ ቤቱ ያከራየው ራሱ ከሆነ ልንከራከርበት እንችላለን። የሌላ ሰው ከሆነ ግን ጠባችሁ ከጎረቤት ጋር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን በጭስ፣ በመጥፎ ሽታና በድምፅ ከመጠን በላይ እንዳያውክ ይከለክላል። ለመኖሪያ አካባቢ የወጣው የድምፅ ደረጃ ደግሞ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። አቤቱታው ለከተማው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ይቀርባል። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ከፎቁ ነዋሪ ፊርማ አሰባስቡ።

«ፖሊስ የአከራይና ተከራይ ጉዳይ አይመለከተውም።»

የኪራይ ሂሳብ ክርክር አይመለከተውም። ቁልፍ ተሰብሮ ቤት ሲገባ ግን ይመለከተዋል። ጣቢያ ሄዳችሁ «ይሄ ፍትሐ ብሔር ነው» ብለው ሊመልሷችሁ ሲሉ አንቀጽ 604ን ጥቀሱ። የተመዘገበውን ውል ደግሞ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።