የአፍ ጤናን ከጤና ጣቢያ መጀመር ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ጥርስ ሐኪም ጋ የምንሄደው ሲያመን ነው። ያውም ቅርንፉዱም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ ማስታገሻውም ተሞክሮ እንቅልፍ እምቢ ሲል። ያኔ ብዙ ጊዜ የሚቀረው መንቀል ነው። እዚህ የማወራው ሐሳብ ከዚያ በጣም ቀድሞ ይጀምራል፦ በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ያሉት ነርስ፣ አዋላጅ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ለሌላ ጉዳይ የመጣን ሰው አፉንም አብረው ይዩት ነው ነገሩ።

ለምን እነሱ? ሕፃን የጥርስ ሐኪም ደጃፍ አይደርስም፣ ክትባት ግን ይሄዳል። በ6፣ በ10፣ በ14 ሳምንቱ፣ ከዚያ በ9 ወሩ ለኩፍኝ። የመጀመሪያዋ ጥርስ ብዙውን ጊዜ ወደ 6 ወር ገደማ ብቅ ስለምትል በ9 ወሩ ቀጠሮ የሚታይ ነገር አለ። የላይ ከንፈሩን ከፍ አድርጎ ማየት ብቻ ነው፣ መሣሪያ አይጠይቅም። ከድዱ ጥግ እንደ ኖራ የነጣ መስመር ከታየ ጥርሱ መበስበስ እየጀመረ ነው፤ ገና ስላልተቦረቦረ ግን ሊመለስ ይችላል። በዚያው እናትየዋን ማታ ጡጦ አፉ ውስጥ ትቶ ማስተኛት እንደሚጎዳ፣ ስኳር ያለው ሻይ በጡጦ እንደማይሰጥ፣ ፍሎራይድ የሚባለው ጥርስን ከመበስበስ የሚጠብቅ ማዕድን ያለው የጥርስ ሳሙና (ያው ኮልጌት የምንለው፣ የማንም ይሁን የማን) ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ ታህል እንደምትበቃ መንገር ይቻላል።

አሜሪካ አንድ እርምጃ ይጨምራሉ። የልጆች ሐኪሙ ራሱ ጥርሱ ላይ ፍሎራይድ ያለው ቅባት ይቀባል፣ ደቂቃዎች ቢወስድ ነው። የአገሪቱ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2014 ጥርስ ላወጡ ሕፃናት ሁሉ ይህ እንዲደረግ መክሮ በ2021 አጽንቶታል። እዚያ የምትኖሩ ወላጆች፣ ሐኪሙ ካላነሳው እናንተ ጠይቁ።

ይህን እንዳለ ገልብጦ እኛ አገር ማምጣት ግን አይሆንም። በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ ወንጂ አካባቢ፣ የጉድጓድ ውኃው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም የሚያልፍባቸው ቦታዎች አሉ፤ የብዙ ሰው ጥርስ ቡናማ የሆነውም ከዚሁ ከበዛው ፍሎራይድ ነው እንጂ ባለመፋቅ አይደለም። እዚያ የጤና ባለሙያ ስለ ፍሎራይድ ሲያወራ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ልጁ ከየት የተቀዳ ውኃ እንደሚጠጣ ነው፣ ምክንያቱም ጉዳቱ የሚደርሰው ቋሚው ጥርስ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ነው።

እኔን ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን የወተት ጥርስ ማስነቀል ነው። ሕፃኑ ያተኩሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ድዱ ላይ ነጣ ያለ እብጠት ይታያል፣ ጎረቤት «በሽታው እሱ ነው፣ አስነቅዪለት» ይላል። እብጠቱ ግን ገና ያልወጣ ክራንቻ ነው! ባልጸዳ ስለት ሲቆፈር ልጁ ይደማል፣ ያመረቅዛል፣ ሄፓታይተስና ኤችአይቪም ሊተላለፍበት ይችላል፤ ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስም ተበላሽቶ ሊወጣ ወይም ጭራሹን ሊቀር ይችላል። ተቅማጡ ደግሞ እዚያው ይቀጥላል፣ የሚያስፈልገው ኦአርኤስና ምርመራ ነበርና። ይህን ጉዳይ የጥርስ ሐኪም አይደርስበትም። እቤት ድረስ የምትሄደው፣ አያትየውን በስም የምታውቀው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ግን ከመደረጉ በፊት ልትደርስ ትችላለች።

አዋቂዎችም አሉ። ነፍሰ ጡር ድዷ ሲደማ «እርጉዝ ጥርስ አትነካም» ተብላ ትተወዋለች፤ ትክክል አይደለም፣ መታከም ትችላለች፣ ይህን ሊነግራት የሚችለው ደግሞ ክትትል የምታደርግላት አዋላጅ ነች። ስኳር ያለበት ሰው ድዱ ቶሎ ይታመማል፣ የታመመ ድድም በተራው ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል።

ታዲያ ለምን አይደረግም? ወረፋው ረጅም ነው፣ ባለሙያዎቹም ስለ አፍ የሚማሩት ጥቂት ነው። የሚመዘገብበት ቅጽ ላይ የአፍ ቦታ ከሌለ ደግሞ፣ ያን ሁሉ ሰው የምታስተናግድ ነርስ ከንፈር ከፍ አድርጋ እንድታይ የሚያስታውሳት ነገር የለም።