የንብ «ንግሥት» ምንድን ናት?

«ንግሥቲቱ ታዛለች፤ ሠራተኞቹ ይታዘዛሉ» የሚለውን አባባል ስለ አመራር በሚጻፉ ጽሑፎች ውስጥ ማየት ሰልችቶኛል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ጸሐፊ ለዚሁ አባባል ማስረጃ አድርገው ያቀረቡት ባምብልቢ የምትባለውን ጸጉራም ንብ ነው። ከዚህ የባሰ ምርጫ ሊኖር አይችልም። በነፍሳት ጥናት ንግሥት ማለት እንቁላል የምትጥለው እናት ማለት እንጂ ገዢ ማለት አይደለም። («አውራ» ማለቱ ደግሞ ወንድ ስለሚያስመስላት ይብስበታል።)

የባምብልቢ ንግሥት ኑሮዋን ስትጀምር አንድም አገልጋይ የላትም። የብርዱን ወራት አፈር ውስጥ ብቻዋን አሳልፋ ሙቀት ሲመለስ ትወጣለች፤ ብዙ ጊዜ አይጥ የለቀቀችውን ጉድጓድ ፈልጋ፣ ከገዛ ሰውነቷ በሚወጣው ሰም ትንሽ የማር ማሰሮ ትሠራለች፤ እንቁላሎቿንም በአበባ ዱቄት ጉብታ ላይ ትጥላለች። ከዚያም ፊቷን ወደ ማሰሮው አዙራ፣ ሆዷን ጉብታው ላይ ለጥፋ፣ ክንፏን ሳታርገበግብ የበረራ ጡንቻዎቿን እያንቀጠቀጠች ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ታቅፋቸዋለች።

ስለዚህ ምሳሌ ካስፈለገ፣ ከቤተ መንግሥት ይልቅ ባሏ ሞቶባት ቤቷን ከባዶ ያቆመች እናት ትቀርባለች። የመጀመሪያዎቹ ሴት ልጆች፣ ማለትም ሠራተኞቹ፣ በችግር ጊዜ ያደጉ ናቸውና ትንንሾች ይሆናሉ፤ ሆኖም የደጁን ሥራ ተረክበው ታናናሾቻቸውን ያሳድጋሉ። አንዷ ጠግባ ከአበባ ስትመለስ ጎጆው ውስጥ ትሯሯጣለች፤ ሌሎቹ የሚወጡት በእርሷ ሽታና ሩጫ ተነሣሥተው፣ የማሰሮውንም መጉደል አይተው እንጂ እናታቸው ልካቸው አይደለም። ወቅቱ ሲገባደድ ልጆቹ ራሳቸው እንቁላል መጣል ይጀምራሉ፤ እንቁላሉ በወንድ ዘር ያልዳበረ በመሆኑ የሚፈለፈለው ወንድ ብቻ ነው። እናት የልጆቿን እንቁላል ትበላለች፣ እነርሱም የእርሷን ይበላሉ፤ አንዳንዴም ይገድሏታል። እዚህ ላይ ምሳሌዬ እንደሚከብድ አልክድም፤ የታዛዥነት ምሳሌ ግን ጭራሽ ይፈርሳል።

«ንግሥቲቱ ከሰውነቷ በሚወጣው ሽታ የልጆቿን እንቁላል መጣል ትገታ የለም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። ሽታው መኖሩ እውነት ነው። አፈና ነው ወይስ «እናታችሁ ገና ትወልዳለች» የሚል ምልክት ብቻ የሚለው ግን በባለሙያዎች ዘንድ ያከራክራል።

ይህን ሁሉ የምናውቀው በአብዛኛው በሳጥን ውስጥ በቀላሉ ከምትረባ አንዲት ዝርያ ሲሆን፣ ዝርያዎቹ ግን ከ250 በላይ ናቸው። ከእነርሱም ውስጥ ሠራተኛ ጨርሶ የማይፈለፍሉ፣ የሌላዋን ጎጆ ወርረው ልጆቻቸውን በባለቤቲቱ ልጆች የሚያሳድጉ አሉ። እነዚህን «ሴት» እንላቸዋለን እንጂ «ንግሥት» አንላቸውም፤ ሠራተኛ ልጅ በሌለበት ቃሉ የሚለየው ነገር የለምና።