«የአንድ ቻይና መርሕ» እና «የአንድ ቻይና ፖሊሲ»፦ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ስለ ታይዋን በሚቀርቡ ዜናዎች ውስጥ «የአንድ ቻይና መርሕ» እና «የአንድ ቻይና ፖሊሲ» የሚሉት ሐረጎች አንዱ በሌላው ቦታ ሲነገሩ ብንሰማም፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የውዝግቡ እምብርት ነው። መርሑ የቤጂንግ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ያለችው ቻይና አንዲት ብቻ እንደሆነች፣ ታይዋንም የማትነጠል አካሏ እንደሆነች፣ ብቸኛው ሕጋዊ መንግሥትም የቤጂንጉ እንደሆነ ይገልጻል። ፖሊሲው ግን የየአገሩ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1979 ለቤጂንግ ዕውቅና ስትሰጥ፣ ታይዋን የቻይና አካል ናት የሚለውን አቋም «ተገንዝቤያለሁ» አለች እንጂ «ተቀብያለሁ» አላለችም፤ በዚያው ዓመትም ለደሴቲቱ የመከላከያ መሣሪያ ማቅረብን የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። በአንድ ግስ ላይ ይህን ያህል ሸክም ሲጫን ማየት ብርቅ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1971 ያሳለፈው ቁጥር 2758 ውሳኔም እንዲሁ አከራካሪ ነው። ኢትዮጵያም የደገፈችው ይህ ውሳኔ የቻይናን መቀመጫ ለቤጂንግ ቢሰጥም፣ የታይዋንን ስም አንድም ቦታ አያነሣም። ቤጂንግ ጉዳዩ በዚሁ ተዘግቷል ስትል፣ የታይዋን መዲና ታይፔይ ደግሞ ስለ እኛ የተወሰነ ነገር የለም ትላለች።

ታይዋን የራሷን ፕሬዚዳንት ትመርጣለች፤ የራሷ ሠራዊትና ገንዘብም አላት። ፓስፖርቷ ላይ ግን በ1949 በቻይና የእርስ በርስ ጦርነት በኮሚኒስቶች ተሸንፎ ወደ ደሴቲቱ የተሻገረው መንግሥት ስም፣ «የቻይና ሪፐብሊክ»፣ ዛሬም ታትሟል። በኦሊምፒክ አትሌቶቿ የሚሰለፉት «ቻይኒዝ ታይፔይ» ተብለው ነው፤ ወርቅ ሲያገኙም የሚሰቀለው የኦሊምፒክ ኮሚቴያቸው ነጭ ሰንደቅ ነው።